የቀጭኑ ቱቦ ምስክርነት

(በላሊበላ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ አዘጋጆቹ ከእኔ ይጠብቁ የነበረው ስለ አዳዲስ ሞተሮች ወይም ስለ ኮምፒዩተር መቆጣጠሪያዎች አንድ ሰፊ ሐተታ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ በሁለት ጣት የሚያዝ፥ ርዝመቱም ከክንድ የማይበልጥ አንድ ቀጭን ቱቦ ነው። ይኸውም ሞተር በሌለው አውሮፕላን፥ በተለምዶ ግላይደር በምንለው ላይ የሚተከለው የአየር ግፊት መቀበያ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ሲበላሽ እንዴት እንደሚተካ፥ ከተተካም በኋላ ሥራውን በትክክል መሥራቱ በምን እንደሚታወቅ ከእናንተ ጋር ለመነጋገር እወዳለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ስብሰባችን በላሊበላ መደረጉ ለዚህ ርእስ ምክንያት ሆኖኛል። እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ከብት እየጠበቅሁ ሳለ፥ በዚያን ጊዜ ዳኮታ የሚባለው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በተራሮቹ መካከል እየተጣመዘ መጥቶ በጥርጊያው ሜዳ ላይ ሲያርፍ አይ ነበር። አንድ ቀን ጉሙ ገና ከሸለቆው ሳይነሣ ድምፁን ሰማን፤ አውሮፕላኑን ግን ማየት አልቻልንም። አጎቴ በትራቸውን ተመርኩዘው ወደ ሰማይ እያዩ፥ «እንዲያው ይህ ፍጡር በዚህ ሁሉ ጉም ውስጥ ከፍ ማለቱን ዝቅ ማለቱን በምን ያውቃል?» አሉ። የሚመልስላቸው ሰው አልነበረም። እኔም መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከእኔ ጋር አለ።

ዛሬ ማለዳ ፀሐይ ገደሉን ካሞቀችው በኋላ ከመስኮቴ ሆኜ ጥንብ አንሶችን ስመለከት ነበር። ክንፋቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያራግቡ እየዞሩ ከከተማው በላይ ወጡ። ከእነርሱ አንደኛው ዝርያ ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኢትዮጵያን ከጎበኘው ከጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ ከዚሁ ዝርያ አንዱ አሞራ በ11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። አሞራው ወደ ላይ የሚወጣውን አየር የሚያውቅበት የራሱ ስሜት አለው። ሰው ግን በወንበር ላይ ታስሮ ሲበር ሰውነቱ የሚነግረው የመገፋትን መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ነው፤ በእኩል ፍጥነት እየወጣም ሆነ እየወረደ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሩም ያ ቀጭን ቱቦ ነው።

መሠረተ ሐሳቡን በአጭሩ ላስታውስ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኦንሪ ፒቶ እ.ኤ.አ. በ1732 የታጠፈ ቱቦ በፓሪስ በሴን ወንዝ ውስጥ አግብቶ አፉን ወደሚመጣው ውሃ ባዞረ ጊዜ፥ ውሃው በቱቦው ውስጥ ከወንዙ ገጽ በላይ ከፍ ብሎ ቆመ። የወንዙ ፍጥነት በጨመረ መጠን ከፍታውም ይጨምር ነበር። አውሮፕላንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወደ ፊት የሚያይ አንድ ቀዳዳ የሚመጣውን አየር ሙሉ ግፊት ይቀበላል። በአካሉ ጎን ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ ነፋሱ ሳይገፋቸው በዚያ ከፍታ ያለውን የአየር ግፊት ብቻ ይወስዳሉ፤ ይህን በሙያችን ስታቲክ እንለዋለን። የሁለቱ ልዩነት ፍጥነትን ይነግራል፤ ስታቲኩ ብቻውን ከፍታን ይነግራል፤ ስታቲኩ የሚለዋወጥበት መጠን ደግሞ መውጣትንና መውረድን ያሳያል።

አሁን ይህንን ወደ ላስታ እናምጣው። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት በባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 1,013 ሄክቶፓስካል ነው። ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሚገኘው በላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 795 ይወርዳል። እኛ አሁን በተሰበሰብንበት በ2,500 ሜትር ገደማ 747 ይሆናል። ከ4,200 ሜትር በላይ በሆነው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ደግሞ ወደ 600 ይጠጋል። የአየሩ እፍጋትም አብሮ ይቀንሳል፤ በማረፊያው ላይ ከባሕር ጠለሉ 82 በመቶ፥ በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ 65 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየ፥ አውሮፕላኑ በማረፊያው አካባቢ ከሚያሳየው 10 በመቶ፥ በተራራው ጫፍ አካባቢ ደግሞ 24 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይጓዛል። ቀኑ ሲሞቅ ልዩነቱ ከዚህም ይበልጣል።

ቱቦው የሚይዘው ግፊት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። ግላይደር በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲበር፥ ከፍጥነቱ የሚገኘው ግፊት 39 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የውሃ ዐምድ የሚያቆም ነው። አውሮፕላኑ በዚያው እውነተኛ ፍጥነት በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ አካባቢ ቢበር ዐምዱ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ያጥራል። አንድ ሰው ሕይወቱን የሚጥለው ከአውራ ጣት ርዝመት በማይበልጥ የውሃ ዐምድ ላይ ነው ማለት ነው። ከዚህ ላይ ትንሽ አየር ቢያመልጥ ምን ያህል እንደሚያስት መገመት አያዳግትም።

ግላይደሩ ላይ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ጉዳይ አለ። ሞተር የሌለው አውሮፕላን ከፍታውን የሚያገኘው ወደ ላይ ከሚወጣ አየር ነው፤ አብራሪውም ይህን አየር የሚፈልገው ቫሪዮሜትር በሚባለው የመውጣትና የመውረድ መለኪያ ነው። ነገር ግን አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ሲስብ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ከፍሎ ከፍታ ይገዛል። በሰዓት ከ160 ወደ 90 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ፥ ኪሳራውን ሳንቆጥር፥ 69 ሜትር ያህል ይወጣል። ይህ በ10 ሴኮንድ ቢፈጸም ተራው መለኪያ በሴኮንድ 7 ሜትር ገደማ እየወጣህ ነው ይለዋል። አየሩ ግን አንዲት ስንዝር እንኳ አላነሣውም። እህልን ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው መገልበጥ ምርት አይባልም። አብራሪው ይህን ምርት ነው ብሎ ካመነና በገደል አፋፍ ላይ መዞር ከጀመረ፥ ጎተራው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ በጅራቱ ቀጥ ያለ ክንፍ ላይ የሚተከለው ቱቦ ነው። ጫፉ በጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ያጋደለ ሲሆን ቀዳዳው የሚገኘው በነፋሱ ተቃራኒ፥ በስተኋላ በኩል ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው መሐንዲስ ኦራን ኒክስ እንዲህ ያለ ቀላል ቱቦ ሥራውን በሚገባ እንደሚሠራ አሳይቷል። ነፋሱ ቱቦውን አልፎ ሲሄድ ከበስተኋላው የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል፤ የመምጠጡም መጠን ከፍጥነቱ ግፊት ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። አብራሪው ፍጥነቱን ወደ ከፍታ ሲለውጥ ስታቲኩ ይቀንሳል፥ መምጠጡም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ መርፌው የሚያሳየው የከፍታና የፍጥነት ድምር ሲጨምር ወይም ሲጎድል ብቻ ነው። ግልበጣውን ትቶ ምርቱን ብቻ ይቆጥራል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በወጣትነቴ ለትምህርት በጀርመን አገር ሳለሁ፥ ቅዳሜና እሑድ በአንድ አነስተኛ የግላይደር ክበብ ውስጥ በጥገና ሥራ እረዳ ነበር። አንድ ቀን ግላይደሩን ወደ መጋዘን ስናስገባ የጅራቱ ቱቦ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ተጣመመ። እንድተካው ታዘዝሁ። አሮጌውን ነቀልሁ፤ አዲሱን ከነመሰኪያው አስገባሁ፤ ቀጥ ብሎ መቆሙን አየሁ፤ በመዝገቡ ላይም «ተተክቷል» ብዬ ፈረምሁ። ሥራው ሁሉ ሩብ ሰዓት አልወሰደም።

የጥገናው ኃላፊ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። መዝገቡን አንብበው ሲያበቁ ቀና ብለው፥ «መቀየርህን አነበብሁ፤ መሥራቱን በምን አወቅህ?» አሉኝ። አዲስ እቃ መሆኑን፥ ከማሸጊያውም ራሴ ማውጣቴን ነገርኋቸው። እሳቸው ምንም ሳይመልሱ ከኪሳቸው ስሪንጋና አጭር የጎማ ቱቦ አወጡ። በቀዳዳው ላይ ገጥመው በጣም በዝግታ ጥቂት አየር ሳቡ፤ የመርፌውን መልስ አይተው ስሪንጋውን ያዙት። ሰዓታቸውን አዩ። መርፌው ቆሞ መቅረት ሲገባው ወዲያው ተመለሰ። አየር ያስገባል ማለት ነው። ቱቦውን ነቅለን ስናይ፥ በመሰኪያው ውስጥ መኖር የነበረባቸው ሁለት የጎማ ቀለበቶች አንደኛው አልነበረም። አሮጌውን ቱቦ ስነቅል አብሮ ወጥቶ በእጄ በነበረው ጨርቅ ላይ ተጣብቆ ነበር።

በዚያ ቀን ማንም አልተጎዳም፤ ግላይደሩም ከመሬት አልተነሣም። ይሁን እንጂ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በእኔ ፊርማ አንድ ሰው ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። መሪውን በሳበ ቁጥር ቫሪዮሜትሩ «እየወጣህ ነው» ይለው ነበር፤ ምክንያቱም በቀለበቱ ክፍተት የሚገባው አየር የመምጠጡን ኃይል ያዳክመዋል። ቱቦው ሐሰተኛ ምስክር ይሆን ነበር፤ ያስተማርሁትም እኔ ነበርሁ። የአጎቴ ጥያቄና የሽማግሌው መካኒክ ጥያቄ አንድ መሆናቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አብራሪው በምን ያውቃል ቢባል መልሱ በመለኪያው ነው። መለኪያው በምን ይታወቃል ቢባል ግን መልሱ በእኛ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምከተለውን አሠራር ልዘርዝር። በመጀመሪያ፥ አሮጌው ቱቦ ከመነቀሉ በፊት የትኛው መስመር ወዴት እንደሚሄድ ምልክት ይደረጋል፤ የጎማ ቱቦዎች ሲቀያየሩ የሚመጣው ስሕተት ከመፍሰስ የከፋ ነውና። ሁለተኛ፥ ከተነቀለው ጋር ምን እንደወጣ ይቆጠራል፤ በመሰኪያው ውስጥ ምን እንደቀረም በመብራት ይታያል። ሦስተኛ፥ አዲሱ ሲገባ የቀዳዳው አቅጣጫና የጫፉ ማጋደል ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይመሳከራል፤ ጥቂት የተጣመመ ቱቦ መምጠጡን ያዛባልና። አራተኛ፥ መስመሩ በዝግታ ተፈትኖ መርፌው ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ ይጻፋል። ለፒቶው በቀስታ መግፋት፥ ለስታቲኩና ለጅራቱ ቱቦ በቀስታ መሳብ ነው። መለኪያው ከመስመሩ ጋር እንደተያያዘ በአፍ መንፋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሳንባ ኃይል የመለኪያውን ስስ ቆርቆሮ ከአቅሙ በላይ ይወጥረዋል፤ እርጥበትም ያስገባበታል። በመጨረሻም፥ አየሩ ጸጥ ባለበት ማለዳ አብራሪው አውሮፕላኑን አፍጥኖ ከዚያ መሪውን እየሳበ ይሞክረዋል። መርፌው በዚህ ጊዜ መውጣትን ካሳየ ሥራው አላለቀም።

ባልደረቦቼ፥ ይህ ሁሉ የግላይደር ጉዳይ ነው፤ እኛን የመንገደኛ አውሮፕላን ባለሙያዎችን ምን ያገባናል የሚል ቢኖር፥ በዓለም የደረሰውን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሣ ቦይንግ 757 ከ189 ሰዎች ጋር ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከሦስቱ ፒቶ ቱቦዎች አንደኛው ተደፍኖ ነበር፤ አውሮፕላኑ ያለ ሽፋን ቆሞ በነበረባቸው ቀናት ተርብ ጎጆ ሠርቶበት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተገምቷል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጀመሪያ ከሊማ የተነሣ ሌላ 757 ከ70 ሰዎች ጋር ጠፋ። አውሮፕላኑ ሲታጠብ በስታቲክ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሣ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ አውሮፕላን 228 ሰዎችን ይዞ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ። ፒቶ ቱቦዎቹ ለአጭር ጊዜ በበረዶ ተደፍነው የፍጥነት ንባቡ ተዛብቶ ነበር። ቱቦዎቹን በሌላ ዓይነት የመተካቱ ሥራ ተጀምሮ ሳለ፥ የዚያ አውሮፕላን ተራ ገና አልደረሰም ነበር።

ለርእሳችን ከሁሉም የሚቀርበው ግን በኢንዶኔዥያ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 28 ቀን 2018 በአንድ የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ላይ፥ አየሩ ክንፉን በምን ማዕዘን እንደሚመታ የሚለካው መሣሪያ ተበላሽቷል ተብሎ በሌላ ተተካ። ይህ መሣሪያ የግፊት ቱቦ አይደለም፤ ሆኖም ከዚያው የአየር ምስክሮች ቤተሰብ ነው። የተተካው መሣሪያ ቀደም ሲል ሲጠገን በትክክል ስላልተስተካከለ 21 ዲግሪ ያህል ስሕተት ነበረበት። ከተተካ በኋላ ሊደረግ የሚገባው ፍተሻ በሚገባ ስለ መደረጉ መርማሪዎቹ ማረጋገጫ አላገኙም። በማግሥቱ አውሮፕላኑ ከ189 ሰዎች ጋር ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ።

ከአምስት ወር በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ፥ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ ሐዘኑ ወደ ቤታችን መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። በዚያም በረራ በግራ በኩል ያለው የማዕዘን መለኪያ ከተነሡ በኋላ ወዲያው የተሳሳተ ንባብ ይሰጥ ነበር። በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ የሚባለው የአውሮፕላኑ ሥርዓት አንድን መለኪያ ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አውሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ከመፈቀዱ በፊት ሥርዓቱ ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያነጻጽር ተደርጎ ተሻሽሏል። ከእናንተ መካከል በዚያ ቀን ጓደኛ ያጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና በዚህ ላይ አላረዝምም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ምስክር ሳይሰማ መፍረድ በአገራችን ሽማግሌዎች ዘንድ ነውር ነበር። ይህ በአውሮፕላን ላይ ሕግ እንዲሆን የጠፋው ነፍስ ብዙ ነው።

ወደ ላስታ እንመለስ። እዚህ በበጋው አቧራ አለ፤ ተርብም አለ፤ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ቀኑ ስለሚሞቅ በቱቦ ውስጥ ጤዛ ይቋጠራል፤ በክረምት ዝናቡ ብርቱ ነው። ስለዚህ ቆሞ በሚያድር አውሮፕላን ላይ የቱቦው ሽፋን እንደ ጌጥ ሊታይ አይገባውም። ሽፋኑ ቀይ ረጅም ጥብጣብ ያለው፥ ቁጥሩም የታወቀ መሆን አለበት፤ ሲደረግም ሲነሣም ይቆጠር። በፕላስተር መሸፈን ደግሞ በሊማ የሆነውን መጋበዝ ነው።

ነገ ጠዋት ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ስትጎበኙ ዓይናችሁን ከመስቀሎቹና ከመስኮቶቹ ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ በመሬቱ ላይ የተፈለፈሉትን የውሃ መውረጃ ቦዮች እንድትመለከቱ እለምናችኋለሁ። እነዚያ ጠራቢዎች ዐለቱን ከላይ ወደ ታች ሲፈለፍሉ የዝናቡን መንገድ አልረሱም። ትንሹ ቦይ ባይኖር ትልቁ ሕንፃ በጕድጓድ ውስጥ ውሃ ይተኛበት ነበር። ደግሞም ከአንድ ዐለት የሚፈለፍል ሰው በስሕተት የቆረጠውን መልሶ መቀጠል አይችልም፤ ስለዚህ ከመቁረጡ በፊት መለካት ግዴታው ነው። እኛ ግን የሚተካ እቃ አለን። እቃው የሚተካ መሆኑ ነው እጃችንን የሚያሰንፈው። ቱቦ ይተካል፤ በእርሱ አምኖ የበረ ሰው ግን አይተካም።

አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፥ በጥገና መዝገባችን ላይ «ተተክቷል» የሚለው ቃል ብቻውን እንዳይበቃ ነው። ከጎኑ በምን እንደተፈተነና ምን ያህል እንዳነበበ በቁጥር ይጻፍ። ሁለተኛው፥ ይህን ፍተሻ የሠራው ሰው ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰውም አይቶ ይፈርምበት። በዚህ ምክንያት በረራ ሩብ ሰዓት ቢዘገይ፥ ወጣቱ ቴክኒሻን የሚወቀስበት ሳይሆን የምንከላከልለት ይሁን። እኔ በወጣትነቴ የሚጠይቀኝ ሽማግሌ ባላገኝ ኖሮ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ለመናገር ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር።

አጎቴ አሁን በሕይወት የሉም። ቢኖሩና ዛሬ አውሮፕላኑ በጉም ውስጥ ከፍታውን በምን እንደሚያውቅ እንደገና ቢጠይቁኝ፥ «በአንዲት ቀጭን ቱቦ» ብዬ እመልስላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ እንደ ገበሬ ልማድ እዚያ ላይ እንደማያቆሙ አውቃለሁ። «ቱቦዋ እውነት መናገሯንስ ማን ያውቃል?» ይሉኛል። ያን ጊዜ ሳላፍር እንድመልስላቸው የምፈልገው፥ «ልጆችዎ ፈትነው ፈርመውበታል» ብዬ ነው።